ወቅቱ ቢያጥርም

በሰሜን አሜሪካ ሴፕቴምበር ሲጋመስ ብዙ እርሻዎች በራቸውን ለጎብኚ ይከፍታሉ። ቤተሰብ ልጆቹን ጭኖ ይመጣል፤ የመግቢያ ቲኬት ይቆርጣል፤ ትራክተር በሚስበው ተጎታች ላይ ድርቆሽ ተደግፎ ማሳውን ይዞራል፤ የወደደውን ዱባ ከሐረጉ መካከል መርጦ፣ አስመዝኖና ከፍሎ ይሄዳል። ኦክቶበር 31 የሃሎዊን ምሽት ሲያልፍ ሁሉም ያበቃል። ለእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚቀጠሩ ሰዎች አሉ፦ ቲኬት የሚቆርጡ፣ ትራክተር የሚነዱ፣ ዱባ የሚያነሡና የሚደረድሩ፣ መኪና የሚያስቆሙ፣ በበቆሎ ማሳ ውስጥ ሆን ተብሎ በተጠላለፈው መንገድ የጠፋን ልጅ ፈልገው ለእናቱ የሚመልሱ። ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች፣ ወይም ሌላ ሥራ እያላቸው ቅዳሜና እሁድን የሚጨምሩ ናቸው። ይህን ሥራ ከልቡ ሥራ ብሎ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ግምት የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ስህተቱም ከዱባ ማሳው አልፎ ስለ ሥራ ያለንን ሐሳብ ሥሩ ድረስ ይነካል። የአንድን ሥራ ክብደት በቆይታው መለካት ለምደናል። ሥራው ሲያጥር ግዴታውም፣ ክብሩም፣ ለሠሪው የሚገባው ዋስትናም አብሮ የሚያጥር ይመስለናል። እኔ የምለው የወቅቱ ማጠር ከእነዚህ አንዱንም አያሳንስም ነው፤ እንዲያውም ለሠሪው የሚገባው ዋስትና ወቅቱ ባጠረ መጠን መጠንከር ይኖርበታል።

ከእጅ ሥራው እንጀምር። የዱባ ሐረግ ሻካራና እሾህ መሰል ጠጉር ስላለው ያለ ጓንት የያዘውን ሰው ክንዱን ይቧጭረዋል። ቆራጩ መቀሱን ወደ ዱባው አስጠግቶ አያሳርፍም፤ ረዘም ያለ እጀታ እንዲተርፍ አድርጎ ወደ ሐረጉ ጠጋ ብሎ ይቆርጣል። ገዢው የሚፈልገው ጠንካራና አረንጓዴ እጀታ ያለውን ዱባ ነውና፤ በማሳቹሴትሱ ገበሬ በጆን ሃውደን ስም የሚጠራው ዝርያ ለአሥርት ዓመታት የተወደደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው እጀታው ነው። ሆኖም ዱባ በእጀታው አይነሣም። ከሥሩ በሁለት እጅ ታቅፎ ይነሣል። እጀታው ከተገነጠለ በቁስሉ በኩል ሻጋታ ይገባበታል፤ ልጣጩም ከተጫረ መበስበስ ይጀምረዋል። ሕፃን ግን ዱባ ሲያይ የሚጨብጠው እጀታውን ነው፤ መያዣ ሆኖ የተሠራለት ይመስለዋልና። ስለዚህ ማሳው ላይ የተመደበው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይቆጣና ሳያሳፍር፣ ሕፃኑን «ከሥሩ እቀፈው» ማለት ነው። ይህን የሚለው ለብዙ ሕፃናት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን ግን የመጀመሪያው ነው። ድምፁ እንዳይሰለች መጠበቅ፣ ዱባውን ማዳን፣ ልጁን አለማስደንገጥ፣ ከኋላ የሚመጣውን ትራክተር በዓይን መከታተል፦ እነዚህን አንድ ላይ አስማምቶ መያዝ ችሎታ ነው። ሥራው ስድስት ሳምንት ብቻ ስለሚቆይ ችሎታው ችሎታ መሆኑ አይቀርም።

ቆይታና ክብደት ለየብቻ የሚቆሙ ነገሮች መሆናቸውን ለማየት ተክሉን መመልከት በቂ ነው። ለሃሎዊን የሚደርስ ዱባ የሚዘራው እንደየአካባቢው ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው፤ እንደ ዝርያው ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል። ወንዴና ሴቴ አበባዎቹ በአንድ ሐረግ ላይ ለየብቻ ያብባሉ። እያንዳንዱ አበባ ጎሕ ሲቀድ ይከፈታል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይከደናል፤ ዳግመኛ አይከፈትም። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ንቦች ደጋግመው ካልጎበኙት ሴቴው አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል የዱባ ንብ የምትባለው አለች፤ ቀፎ የላትም፤ ሴቷ ጎጆዋን አፈር ውስጥ ትቆፍራለች፤ ከማር ንብ ቀድማ በማለዳ ትወጣለች፤ ወንዶቹ ደግሞ በተከደነው አበባ ውስጥ ተኝተው ይውላሉ። በሜክሲኮ ኦሃካ ግዛት፣ ጊላ ናኪትዝ በሚባለው ዋሻ የተገኙ የዱባ ዘሮች ወደ 10,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ይህን ያህል የረዘመ የሰውና የተክል ግንኙነት የተንጠለጠለው በየማለዳው በሚመጡ ጥቂት ሰዓታት ላይ ነው።

«ሰው አበባ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሚዛን ለሰው ሥራ አይሆንም» የሚል ካለ እውነቱን ነው። ከአበባው የወሰድሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጭር ማለት ቀላል ማለት እንዳልሆነ። ወደ ሰው ስንመጣ አርስቶትልን ማንሣት ግድ ይላል። በኒቆማኪያዊ ሥነ ምግባሩ የመጀመሪያ መጽሐፍ የመምህሩን የፕላቶንን ትምህርት ሲሞግት፣ አንድ በጎ ነገር ዘላለማዊ ስለሆነ ብቻ የበለጠ በጎ አይሆንም ብሎ ይከራከራል፤ ለማስረጃ የሚያቀርበውም ነጭነትን ነው፤ ብዙ ዘመን የኖረ ነጭ በአንድ ቀን ከሚጠፋው ነጭ ይልቅ የነጣ አይደለም። በአሥረኛው መጽሐፍ ደግሞ ማየት በየትኛውም ቅጽበት ምሉዕ የሆነ ድርጊት እንደሆነ፣ ቤተ መቅደስ ማነጽ ግን እስኪፈጸም ድረስ ጎዶሎ እንደሆነ ያስረዳል። ነገር ግን ይኸው አርስቶትል የሰው ደስታ ሙሉ ዕድሜን እንደሚሻ፣ ጥቂት መልካም ቀናት ሰውን ደስተኛ እንደማያሰኙትም ይናገራል። ተቃዋሚዬ ይህን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በዱባ ወቅት ትዳር አይቆምም፣ ልጅ አያድግም፣ እርጅና አይጦርም። ትክክል ነው። በስድስት ሳምንት ደመወዝ ኑሮውን እንዲመሠርት ማንም ሊጠየቅ አይገባም። እዚህ ላይ ግን ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንዱ የሰው ኑሮ ምን ይፈልጋል የሚለው ነው፤ ሌላው አንድ ድርጊት በውስጡ ምን ይዟል የሚለው ነው። ሥራው ኑሮን መሸከም ስላልቻለ በሥራው ላይ የዋለው ሰዓት ባዶ ነው ብሎ መደምደም የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ለሁለተኛው መስጠት ነው። ጎንበስ ብሎ ሕፃኑን አስተቃቀፍ ያሳየው ልጅ ድርጊቱን በዚያች ቅጽበት ፈጽሟል፤ ምሉዕ ለመሆን ዕድገትም ሆነ የቋሚነት ደብዳቤ የሚጠብቅ ነገር የለውም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ በፈላስፋዋ በሐና አረንት በኩል ይመጣል። በ1958 ባሳተመችው «የሰው ሁኔታ» በተባለው መጽሐፏ፣ ተሠርቶ ወዲያው የሚጠፋን ድካም፣ ዘላቂ ነገር ከሚያቆም ሥራ ትለያለች፤ ጠረጴዛና ቤት ሠሪውን አልፈው ይቆያሉ፣ የሰውን ዓለምም የሚያጸኑት እነርሱ ናቸው። በዚህ ሚዛን የዱባ ማሳ ሠራተኛ ምን አቆመ? ዱባው ተፈልፍሎ ሻማ ይበራበታል፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይበሰብሳል፤ ብዙው ወደ ቆሻሻ ይጣላል። ለመፈልፈል የሚመረተው ዱባ ሥጋው ውኃማና ቃጫማ ስለሆነ ለምግብ እምብዛም አይፈለግም፤ አሜሪካውያን ለፓይ የሚጠቀሙበት በቆርቆሮ የታሸገው ዱባ አብዛኛው የሚመጣው ከኢሊኖይ ግዛት፣ በተለይ ከሞርተን ከተማ ዙሪያ፣ ቆዳው ቡናማ ከሆነ ሌላ ዝርያ ነው። ዱባን በጾም ወጥነቱ የሚያውቅ የእኛ አንባቢ፣ ለመጣል ተብሎ የሚመረት ዱባ መኖሩን ሲሰማ ቢያዝን አልፈርድበትም፤ እኔም ብክነቱን አልወደውም። ነገር ግን ብክነቱ በአጠቃቀሙ ላይ የሚቀርብ ክስ ነው፤ ሠራተኛውን ጥፋተኛ አያደርገውም። ስለ ዘላቂነቱ ደግሞ ደመራን እናስብ። ችቦው የሚታሰረው፣ እንጨቱ የሚቆመው፣ አደይ አበባ የሚደረግበት ሊነድ ነው፤ ሠርቶ ያቆመው ሰው ግን ከንቱ ደከመ የሚለው የለም። ሃሎዊንና መስቀል አንድ ናቸው ለማለት አይደለም፤ በትርጉምም በክብርም ይለያያሉ። የምለው የሰውን ዓለም የሚያጸኑት የማይፈርሱ ነገሮች ብቻ አይደሉም ነው፤ በየዓመቱ ፈርሰው በየዓመቱ የሚሠሩ ነገሮችም ያጸኑታል። አረንት ጠረጴዛውን በትክክል አይታለች፤ በዓልን ግን በዚያ ሚዛን ላይ አላስቀመጠችውም።

የዚህ ሥራ ልዩ ባሕርይ ሌላም ነው። በሌላው እርሻ ገበሬው አጭዶ ሸማቹ ይገዛል። እዚህ ግን ሸማቹ የአዝመራውን የመጨረሻ እርምጃ ራሱ እንዲወስድ ይጋበዛል፤ ዝቅ ብሎ ማንሣት ለእርሱ ጨዋታ ነው፣ ለዚህም ይከፍላል። የሠራተኛው ሥራ የሌላውን ድካም ወደ ጨዋታ መለወጥ ነው፤ ሐረጉን ከእግር ማንሣት፣ የበሰበሰውን ከዓይን ማራቅ፣ ተጎታቹ ላይ የሚወጣውን አያት ክንዱን መያዝ፣ ይህን ሁሉ ደግሞ በፈገግታ። የሶሲዮሎጂ ምሁሯ አርሊ ሆክሺልድ በ1983 በጻፈችው መጽሐፍ የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ፣ ስሜትን እንደታዘዙት ማሳየት ራሱ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን አሳይታለች። የዱባ ማሳው ልጅም ያንኑ ያደርጋል። አንዳንዶች ይህን አይተው ነገሩ ሁሉ ማስመሰል ነው ይላሉ፤ እውነትም ዱባውን ከጅምላ ሻጭ ገዝተው ማሳቸው ላይ የሚደረድሩ እርሻዎች አሉ። እኔ ሐሰት የምለው «እኛ አበቀልነው» ተብሎ ሲነገር ብቻ ነው። ያለዚያ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑን አባትም ልጅም ያውቁታል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጎብኚው እንዳያየው የተደረገው ነገር ነው፤ ያም እርሱ ከመምጣቱ በፊት በማሳው ላይ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል። በአንድ እርሻ ላይም ሁለት ዓይነት ወቅታዊ ሠራተኞች አሉ፤ አንዱ ጎብኚው የሚያየው ተማሪ ነው፤ ሌላው ዱባውን ቆርጦ የጫነው፣ በብዙ እርሻዎች ለወቅታዊ የእርሻ ሥራ በሚሰጠው በኤች-2ኤ ቪዛ ከሜክሲኮ የመጣው ነው። ሕጉ ሁለቱን የሚያይበት መንገድ ክርክሬን ሙሉ ለሙሉ የሚገልጥ ማስረጃ ነው። በ1938 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል የሥራ ደረጃዎች ሕግ ሲጀመር የእርሻ ሠራተኛን ከደመወዝ ወለልም ከትርፍ ሰዓት ክፍያም ውጭ አድርጎት ነበር። በ1966 ማሻሻያ የትልልቅ እርሻዎች ሠራተኞች የደመወዝ ወለሉን አገኙ፤ ትርፍ ሰዓቱ ግን በፌዴራል ደረጃ እስከ ዛሬ የለም፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ነው ያስተካከሉት። የተማሪውስ? በዚያው ሕግ ውስጥ ስለ መዝናኛ ቦታዎች የተጻፈ አንቀጽ አለ፤ በዓመት ከሰባት ወር በላይ የማይሠራ የመዝናኛ ድርጅት ሠራተኞቹን ከደመወዝ ወለሉም ከትርፍ ሰዓቱም ውጭ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። የትኛው እርሻ በዚህ ውስጥ ይገባል የሚለው እንደየሁኔታው የሚታይ ነው፤ ብዙ ግዛቶችም ከ2009 ጀምሮ ፈቀቅ ካላለው ከ7.25 ዶላሩ የፌዴራል ወለል የተሻለ ይደነግጋሉ፤ ከዚያ በላይ የሚከፍሉ ገበሬዎችም አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ የአንቀጹ አስተሳሰብ ነው። የሰው መብት ወሰኑ በወራት ቁጥር ተለክቷል። ድርጅቱ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ ሠራተኛው የሚያገኘውን፣ ሰባት ወር ብቻ ስለሠራ ያንኑ ሰዓት ያንኑ ጉልበት አውጥቶ ሊያጣው ይችላል።

የኤች-2ኤ ደንብ ግን፣ በወረቀት ደረጃ፣ በተቃራኒው መንገድ ያስባል። አሁን ባለው ቅርጽ ከ1986 ሕግ የመጣው ይህ ቪዛ አሠሪው ማረፊያ በነጻ እንዲሰጥ፣ ኮንትራቱን ለጨረሰ ሠራተኛ መመለሻውን እንዲከፍል ያስገድደዋል፤ ከሁሉ በላይ በኮንትራቱ ከተጻፈው ሰዓት ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ዋስትና እንዲሰጥ ያደርገዋል። የሠራተኛው ሰዓት ከዚያ በታች ከወረደ የጎደለውን አሠሪው ይከፍላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለአጭር ጊዜ የመጣ ሰው የጠፋበትን ሳምንት በሚቀጥለው ወር የሚያካክስበት ዕድል የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሰው መጥፎ ሳምንት ሲገጥመው ከፊቱ ሌሎች ሳምንታት አሉት፤ የወቅቱ ሠራተኛ ግን ከስድስት ሳምንቱ አንዱ ሲጎድል የወቅቱን አንድ ስድስተኛ አጥቷል። ይህን ስል ሥርዓቱ ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም፤ ቪዛው ሠራተኛውን ከአንድ አሠሪ ጋር ስለሚያስረው፣ በደል ቢደርስበት ጥሎ ለመሄድ ይቸገራል፤ ይህም ከባድ ጉድለት ነው። ቢሆንም ያ የሦስት አራተኛ ዋስትና የያዘው ሐሳብ ትክክል ነው፣ ማሳው ላይ ቆሞ ሕፃን ለሚያስተናግደውም ተማሪ የሚሠራ ነው።

ገበሬው የሚያቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ሲንዲ ኦት በ2012 ባሳተመችው የዱባ ታሪክ መጽሐፍ፣ አሜሪካውያን ለጥንቱ የገጠር ሕይወት ያላቸው ናፍቆት ዱባን ለአነስተኛ እርሻዎች ጥሩ ገበያ እንዳደረገው ታሳያለች። ልጆቹ ወደ ከተማ የፈለሱበት፣ የእህል ዋጋ የወደቀበት ገበሬ መሬቱን ሳይሸጥ የሚቆይበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ገቢው የሚሰበሰበውም በጥቂት የኦክቶበር ቅዳሜና እሁዶች ነው፤ በሁለቱ ቢዘንብ ዓመቱ ይበላሻል፤ ከሃሎዊን ማግስት ያ ዱባ ገዢ የለውም። ግዴታ ቢጨመርበት እርሻው ይዘጋል፣ ሥራውም አብሮ ይጠፋል ይላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ጥያቄው ግን ስጋቱን ማን ይሸከመው የሚል ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ነድቶ የመጣውን ሠራተኛ ዝናብ ጀመረ ብሎ ባዶ እጁን የሚሰድ አሠሪ የራሱን ስጋት በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ አውርዶታል፤ ያ ሰው ደግሞ ፀሐይ ከወጣበት ቅዳሜ ትርፍ ላይ ድርሻ የለውም። ስጋቱን ከእርሱ ጋር የሚጋራ ሰው ከፈለገ ትርፉንም ማጋራት ይኖርበታል። «ተማሪዎች ናቸው፣ የኪስ ገንዘብ ነው የሚፈልጉት» የሚለው ሌላው መልስ ደግሞ ጨርሶ አያሳምነኝም። የሥራ ዋጋ የሚተመነው በሠሪው ችግር መጠን ከሆነ የቲኬቱም ዋጋ በባለእርሻው ችግር መጠን መተመን ነበረበት። ደግሞስ ከእነዚያ ልጆች መካከል ማን ለጫማ፣ ማን ለቤት ኪራይ እንደሚሠራ ማን ጠየቀ?

ይህ ነገር ወደ እኛም ይደርሳል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን በኦክቶበር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እነዚህ ማሳዎች ይሄዳሉ፤ ልጆቻቸውም አድገው እዚያው ለወቅቱ ሊቀጠሩ ይችላሉ። ፈረቃ ደርቦ የሚሠራ አባት የልጁን የዱባ ማሳ ሥራ እንደ ጨዋታ ቢያየው አይፈረድበትም፤ እርሱ ሥራ ሲል የሚያስበው ሌሊቱን ነው፣ የወር ኪራዩን ነው፣ ወደ አገር ቤት የሚልከውን ነው። ግን አባትየው ራሱ ከመጣበት አገር የወቅት ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሚወርደው ወጣት የሚሄደው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ሙቀቱና ወባው ግን ለአጭር ጊዜ መጣ ብለው አይምሩትም። ሰሊጥ ሲደርስ ካልታጨደ ቋቱ ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ የባለሀብቱ የዓመት ገቢ በዚያ ወጣት ጥቂት ሳምንታት ላይ የቆመ ነው። ሁለቱ ሠራተኞች በድካማቸው እኩል አይደሉም፤ እኩል ናቸው ማለት የሁመራውን መከራ ማቃለል ይሆናል። የሚገናኙት በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ጋ ወቅቱ ማጠሩ ለሠራተኛው ብዙ ላለማሰብ እንደ ምክንያት ይቀርባል።

ከዚህ ክርክር የሚከተለው ነገር ሰማይ የሚያስነካ አይደለም። የሳምንቱ ፈረቃ አስቀድሞ ይነገር፤ የመጣ ሠራተኛ ሥራ የለም ሲባል ለመጣበት ይከፈለው። በካሊፎርኒያ፣ ከአሠሪው ቁጥጥር ውጭ ለሆኑ ምክንያቶች የተተወ ቀዳዳ ቢኖረውም፣ ለተመደበለት ፈረቃ መጥቶ ሥራ የለም የተባለ ሰው የፈረቃውን ግማሽ፣ ከ2 ሰዓት ሳያንስ ከ4 ሰዓት ሳይበልጥ፣ እንዲከፈለው የሚያዝ ደንብ አለ። ዝናብን በዚያ ቀዳዳ ማሾለክ ለእርሻ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ዝናቡን ገበሬው በኮንትራቱ ላይ በራሱ ፈቃድ ቢጽፈው ይሻላል፤ በቲኬቱ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ሳንቲም ነው፣ ጎብኚውም ለምን እንደሆነ ቢነገረው ይከፍለዋል። የሰባት ወሩ አንቀጽ ከሕጉ ሊወጣ ይገባል ብዬ አምናለሁ። እስኪወጣ ድረስ ግን ዱባውን ቆርጦ የጫነው ሠራተኛ ስሙና አገሩ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ከዝርያዎቹ ስም ጎን ቢጻፍ አንድም ሕግ አይከለክለውም።